የማይቋረጥ መስመር

ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነህምያ ክፍሌ
ሁርሶ ማሠልጠኛ

ነህሚ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔና እማ ደህና ነን። ሙቀቱ የምታውቀው ሙቀት ነው። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ጨረስኩ፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

«ኮምፒውተሩ እንዴት ነው?» ብለህ ጽፈሃል። የእኔን ጤና ሳትጠይቅ የእሱን! እሺ፣ ልንገርህ። ያቺ ትንሿ የኢንተርኔት ሳጥን መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለች ቀን «አትጨነቂ፣ ተራ ኮምፒውተር ራውተር ሆኖ መስመር ማከፋፈል ይችላል፤ እንዲያውም ከሳጥኗ ይበልጣል» ያልከኝ አንተ ነህ። ከፋብሪካ በጨረታ የወጣውን አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክመህ መጣህ፤ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰካህበት፤ በአንዱ ከውጭ የሚመጣውን ፈጣን መስመር አስገብተህ በሌላው ወደ እኔ ክፍል አሳለፍከው። አልዋሽም፣ ሠራ። እኔ እንኳ ተገርሜ ነበር። በሳምንቱ ስልክህን አስረክበህ ካምፕ ገባህ፤ እኔ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከሚያንጎራጉር ብረት ጋር ቀረሁ።

ሥራዬን ለጓደኞችህ ሁሌ አሳስተህ ስለምታወራ እንደገና ስማ። ውጭ አገር ያለ ሐኪም እንግሊዝኛ ያወራል። በሽተኛው ወይም ዘመዱ ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ያወራል። እኔ ድሬ ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት መሀላቸው ገብቼ አስተረጉማለሁ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ሰኔ 20 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥሪ መሀል ሦስት ጊዜ ከተቋረጥኩ ደህና ሁኚ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ፦ ጅቡቲ፣ ሰው ቤት። እዚያ ያለችው ጓደኛዬ ዮርዲ የምትሠራበት ሰፈር የሠራተኛ ቦታ አለ ብላ መልሴን እየጠበቀች ነው። አንተ ካምፕ፣ እኔ ጅቡቲ፣ እማ ባዶ ቤት።

እና ሰኞ ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ተቋረጠ። ሐኪሙ ለአንዲት እናት የልጇን የምርመራ ውጤት ሊነግራት ነበር። እኔም በሶማሊኛ «ውጤቱ ተስፋ እንዳደረግነው አልሆነም» ከማለቴ ጭጭ! ከክፍሌ ዘልዬ ስወጣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና እየተነሳ ነው። እማ አጠገቡ ሽንኩርት ትልጣለች። «ምን ሆነ?» ብላት «እኔ ምን አውቄ! እንኳንም ተቋረጠ፣ ትንሽ እረፊ» አለችኝ። ሴትዮዋ የልጇን ነገር ከማን እንደሰማች አላውቅም። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መላ በለኝ አቦ።

እህትህ ሀዊ


ሁርሶ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀዊ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ጤናሽን ሳልጠይቅ ስለ ኮምፒውተሩ መጠየቄ ልክ አልነበረም፤ ጤናሽን ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሾፌሩ ዓደን በቃል ስለነገረኝ ነው። እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በዓደን በኩል ያስጠየቅሽው እግሬ ደህና ነው፤ ማበጡን ማን እንደነገረሽ ግን አጣራለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ያን ኮምፒውተር አትስደቢው፣ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ይችላል። የድሬ ሙቀት ነው የጠረጠርኩት። እንዲህ አድርጊ። የጎኑን ክዳን ፍቺና ክፍት ይዋል። ከወለሉ አንስተሽ በርጩማ ላይ አስቀምጪው። በቀለም ብሩሽ አቧራውን ጥረጊ፤ በአፍሽ እፍ እንዳትይበት። ከኋላ ያሉትን ሁለት ኬብሎች ነቅለሽ መልሰሽ ጠበቅ አድርገሽ ስኪያቸው፤ ቀዩን ከላይ፣ ሰማያዊውን ከታች። ከቀያየርሻቸው መስመሩ የሚሄድበት ይጠፋዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ሲነሳ ማየትሽ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

እዚህ ሌሊት በፊሽካ እንነሳለን። ሮጬ ስመለስ የማስበው ያንን ኮምፒውተር ነው፤ ሳቂብኝ። ሰዎች ስለ ፍቅረኞቻቸው ያወራሉ፤ እኔ ስለ ኔትወርክ ካርድ። ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ እጨርስልሽ ነበር። ይኸው የዓደንን አይሱዙ እጠብቃለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርትና ድንች ለካምፑ፣ ደብዳቤ ለእኔ።

ወንድምሽ ነህምያ


ድሬዳዋ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነህሚ፣

ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ክዳኑን ፈታሁ። በርጩማው ላይ አወጣሁት። በብሩሽ ስጠርገው ከውስጡ የወጣው አቧራ የሳቢያንን ሜዳ ይሞላል። ቀዩ ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች። ሦስት ቀን እንደ አዲስ ሙሽራ ተንከባከብኩት፤ ቬንቲሌተሩን ከራሴ ላይ ነስቼ ወደ እሱ አዞርኩለት። እኔ በላብ ተጠመቅኩ፣ እሱ ነፋስ ይቀበላል።

ትናንት ተቋረጠ። ሁለተኛው።

ይሄኛውን ልጻፍልህ፣ አለዚያ ይፈነዳብኛል። ኦሮምኛ የሚናገር ጎልማሳ ሰው ነው፣ ድምፁ የእኛው የጋራሙለታ ተራራ አካባቢ ሰው ድምፅ። ሐኪሙ ስለ እሱ ስለራሱ ሊነግረው ነው የደወለው። «እጢው ወደ ጉበትህ...» ብዬ ነበር። «ወደ ጉበትህ» ላይ ነው የጠፋሁት። ሰውዬው «ወደ ጉበቴ ምን?» እያለ ቀረ እኮ! እስኪነሳ አራት ደቂቃ ፈጀ። ስመለስ ሌላ አስተርጓሚ ሰጥተዋቸዋል፣ ለእኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ወላሂ ያን ኮምፒውተር ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ልወረውረው ተነስቼ እማ ናት የያዘችኝ። «እሱን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ግዑዝ ነው» ብላ።

ከተማ ውስጥ ሰው የለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ሳላሕን ጠርቼው ነበር፤ ጣይዋን ገበያ ያለውን ስልክ ጠጋኝ። ገና ከበሩ አይቶት ሳቀ። «ይሄን ራውተር ነው የምትሉት? ጣሉትና ሳጥን ግዙ» አለ። ሳጥኗን የሚሰጡት ቢሮ ሄድኩ። ተመዝግበሻል፣ ይደወልልሻል አሉኝ። መቼ? ሲመጣ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን ዓይነት ሳጥን ከጎረቤታችን ከዓኒሳ ተውሼ ሞከርኩት፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ለጆሮ አይሆንም። ያንተው ብረት ሲሠራ ከሁሉም ይሻላል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። ዮርዲ ትናንት ደውላ «ፓስፖርትሽ ጊዜው አላለፈም አይደል?» አለችኝ። እማ ስልኩን ሰምታ ቃል አልተነፈሰችም።

ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሁለት ሳምንት! በዚህ ዘመን! በሽንኩርት መኪና!

ሀዊ


ድሬዳዋ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነህሚ፣

አጭሩ ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። «አትቆጪ፣ የጠየቅኩሽን ብቻ መልሺ» ብለህ አዘሃል። ከመቶ አለቃችሁ የተማርከው ነው? እሺ ጌታዬ፣ መልሱ ይኸውልህ።

ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ያልከኝን ሁለት ቃል ጻፍኩ። የጠፋበትንና የተነሳበትን ሰዓት ዘረዘረልኝ፤ በእኛ ሰዓት ለውጬ ገልብጬልሃለሁ። ሚያዝያ 27፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃምሳ። ግንቦት 11፣ አምስት ሰዓት ከሃያ። ግንቦት 19፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። የመጨረሻውን እኔም አላወቅኩትም ነበር፤ ለካ ጥሪውን ጨርሼ ከዘጋሁ በኋላ ነው የጠፋው። እግዜር አተረፈኝ።

ሲጠፋ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ የስህተት ጽሑፍ ምናምን የለም። እየሠራ ነው፣ እየሠራ ነው፣ ከዚያ የለም።

ቬንቲሌተሩ ይሠራ ነበር ወይ ብለሃል። አዎ፣ ይዞር ነበር። የእማ ሬዲዮም ያወራ ነበር። መብራት አልሄደም። ይሄን ስትጠይቀኝ ምን እንዳሰብክ አልገባኝም፤ እኔም አስቤ አላውቅም ነበር።

ሳሎን ማን ይቀመጣል ብለሃል። ማን ይቀመጣል? እማ ናታ! ሰው ሌላ ማን አለ? በቺፑዱ ግድግዳ በኩል የእኔን ጩኸት እየሰማች ምስሯን ትለቅማለች። ሲጠፋብኝ አብራኝ ታዝናለች፣ ሻይ ታመጣልኛለች።

የመጨረሻውን ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በተቋረጠበት ቀን ሁሉ ሊቋረጥ ሲል ምን እያልሽ ነበር?» ይሄ ለኮምፒውተሩ ምን ይጠቅመዋል? ግን እሺ። የሁለቱን ነግሬሃለሁ። የሦስተኛው ቀን አንዲት እህት ወንድሟ ከቀዶ ጥገናው እንዳልወጣ ነው የተነገራት። ነግሬያት፣ አልቅሳ፣ ዘጋች። በሁሉም ቀን ክፉ ዜና ነበር እንግዲህ። ክፉ ዜና ኬብል ይበጥሳል?

ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ብልሃት እንጂ ጥያቄ አትላክልኝ።

ሀዊ


ሁርሶ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀዊዬ፣

ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ቬንቲሌተሩ እየዞረ እሱ ብቻ ከጠፋ፣ መብራቱ የጠፋው ከሶኬቱ ላይ ነው። በሙቀት የሚጠፋ ኮምፒውተር ሰዓት አይመርጥም፤ ቅዳሜም እሑድም ይጠፋል። ይሄ ግን የሚጠፋው አንቺ ክፉ ዜና ስትናገሪ፣ ሰው ሲነቅለው ነው። ተነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ተመልሶ ይሰካል።

ማን እንደሆነ አንቺም አሁን ገብቶሻል። እማ ቀፊራ ገበያ ሠላሳ ዓመት ስትሸጥ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም ከአንቺ በፊት ነው የቻለችው። የምትይውን ሁሉ ትሰማለች።

ይህን ጽፌ አንድ ቀን ሙሉ ልላክ አልላክ እያልኩ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። በእግዚአብሔር፣ እንዳትጮሂባት። መጀመሪያ ጠይቂያት። ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ እሷ ከነገረችሽ ጥሩ፣ ካልነገረችሽ ደግሞ እኔ እጽፍልሻለሁ።

ነህምያ


ድሬዳዋ
ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነህምያ፣

ጮህኩባት። ይቅርታ አልጠይቅም።

ደብዳቤህን ይዤ ሳሎን ገባሁና «እማ፣ አንቺ ነሽ ሶኬቱን የምትነቅይው?» አልኳት። ትክዳለች ብዬ ነበር። «አዎ» አለች! ሽንኩርት ገዛሽ ወይ እንደተባለ ሰው! ምስሩን ከትሪው አንስታ ወደ ጎን አደረገችና «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያሳደገሽ?» አለችኝ። እኔን! ወር ሙሉ ኮምፒውተር ስጠርግ፣ ስወለውል፣ በላብ ስጠመቅ፣ እጄ ላይ ሻይ እያስያዘች!

አስረዳኋት ነህሚ። እኔ አይደለሁም የምናገረው፣ ሐኪሙ ነው፤ «አዝናለሁ፣ ማትረፍ አልቻልኩም» ስል እሱን ሆኜ ነው፤ ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው አልኳት። «የማንም አፍ ይሁን» አለች። «ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰውዬው በልቶ ይደር ይባላል፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ከብቦት ይነገረዋል። እናንተ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ቆሞ፣ ሊወድቅ ሲል የሚይዘው እንኳ በሌለበት! እኔ ብነቅለው ቢያንስ ሰው እስኪደርስለት ነው።»

ሰው እስኪደርስለት! ሌላ አስተርጓሚ በአራት ደቂቃ ይደርስለታል እማ፣ እኔ ግን ጅቡቲ ነው የምደርሰው አልኳት። ያን ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለቱን ነገር አያይዛው አታውቅም። ስልኩን ስትሰማ ዝም ያለችው ለካ ዮርዲ እየነዘነዘችኝ መስሏት ነው። ራሷን ያዘች። አላሳዘነችኝም፤ በዚያ ሰዓት ማንም አያሳዝነኝም ነበር።

በአባባ አጥንት አስማልኳት። ምንም ብሰማ፣ ማንም ቢሞት፣ ያንን ገመድ አልነካም ብላ ማለች። አሁን ሳሎን ውስጥ ከእሱ በጣም ርቃ ትቀመጣለች፤ ታኮርፋለች፤ ለእኔ ምሳ ታስቀምጣለች እንጂ አብራኝ አትበላም።

ያልነገርከኝ ምንድነው? አልነገረችኝም። «እሱን ነህምያን ጠይቂው» ብላ በሯን ዘጋች። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ሠርታችኋል መሰለኝ።

ሀዊ


ሁርሶ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ወረቀት ያበደረኝ አብዲቃድር የሚባል ጓደኛዬ «ለሚስት ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

አባባ ያረፈ ጊዜ አንቺ ሐረማያ ነበርሽ፣ ፈተና ላይ። ለአንቺ በወጉ ነው የተነገረሽ። የእነ ዓኒሳ አባት መጡልሽ፣ በመኪና አመጡሽ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነገሩሽ። ለእማም እንዲሁ የተነገራት ይመስልሻል። እኛም እንዲመስልሽ ትተነዋል።

ሆስፒታል ከአባባ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ነርሷ «ቤተሰብ ጥራ» አለችኝ። ማንን እንደምጠራ፣ ምን እንደምል አላወቅኩም። ለእማ ደወልኩ። ቀፊራ ቲማቲሟ ፊት ቆማ ከገበያተኛ ጋር እየተከራከረች ነው ስልኩን ያነሳችው። «እማ፣ አባባ ሞተ» አልኳት። እንዲሁ። መስመሩም ጥርት ያለ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጠፋባትም። የማያውቋት ሰዎች ናቸው ከመሬት ያነሷት። ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ ከቲማቲሙ ሣጥን ሚስማር ነው፤ አንቺ «ጣሳ ቆርጧት ነው» የምትይው።

አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። ይቅርታ ልላት ስጀምር «ልጅ ነበርክ» ትለኛለች፣ ወሬ ትቀይራለች። ለአንቺ እንዳልነግር የለመነችኝ እሷ ናት፤ እንዳትጠዪኝ ብላ። ሰባት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ዝርዝርሽን ሳነብ፣ ከሰዓቶቹ በፊት የገባኝ እሷ መሆኗ ነው።

ይቅር በዪኝ። እሷንም።

ስልጠናው ሊያልቅ ነው። የት እንደምመደብ አውቄያለሁ፤ አሁን ግን አልጽፈውም፣ ስመጣ በአካል እነግራችኋለሁ።

ወንድምሽ ነህምያ


ድሬዳዋ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነህሚዬ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰኝ።  የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ ሌላ ምን ታደርግ ነበር? አልጠላሁህም። አንብቤው እንደጨረስኩ ከእማ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ፤ ክንዷን ያዝኩ። ማታ አብረን በላን።

አርብ የመጨረሻዋ ቀን ነበረች። ክፍሉ ምድጃ ስለሆነብኝ በሩን ከፍቼ ነው የሠራሁት። ሰባት ሰዓት ላይ ጥሪ ገባ። ሐኪሟ ከሆስፒታል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከቤታቸው። ሶማሊኛ ነው የሚናገሩት። «እንደምን ዋላችሁ፣ ሚስቴ ቁርስ በላች?» ብለው ጀመሩ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ሚስትየው ጠዋት አርፋለች።

አጠገባቸው ሰው እንዳለ ልጠይቅ ፈለግኩ። ከራሴ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም፤ ደንቡ ነው። ከተናገረችው በላይም በታችም የለም። ቀና ስል እማ ሳሎን ቆማ ታየኛለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ግን ፊቴን አየች። ሶኬቱ ከእጇ አንድ ስንዝር ነው።

ነህሚ፣ ስንት ሳምንት ሙሉ አይቋረጥብኝ ብዬ ያልለመንኩት የለም። ያን ጊዜ ግን በዓይኔ «ንቀዪው» አልኳት። ወላሂ ለመንኳት። እማ ራሷን ነቀነቀች። በከንፈሯ ብቻ «ምያለሁ» አለችኝና ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ነገርኳቸው። «አዝናለሁ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፣ ላተርፋቸው አልቻልኩም» አልኩ፣ ሐኪሟን ሆኜ።  የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ሰዓታቸው ግድግዳ ላይ ሲቆጥር እንኳ ይሰማኛል። ከዚያ «ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ? አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉ። እኔን ነው የጠየቁት። ድምፄ ተሰብሮ ሰምተውት ይሆናል። ደንቡ ደንብ ነው፣ ተረጎምኩት። ሐኪሟ የተጠየቀች እሷ መስሏት «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች። እሱንም ተርጉሜ ነገርኳቸው።

ስጨርስ እማ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ዓኒሳ ደንግጣ መጥታ «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» ብትላት «የአንድ ሰውዬ ሚስት፣ ሰው የላቸውም» አለቻት። ዓኒሳ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔም ወጥቼ ተቀመጥኩ።

የመሥሪያ ቤቴ ኢሜይል የመጣልኝ እዚያው ምንጣፍ ላይ ሆኜ ነው። አልፌያለሁ፣ ጅቡቲ ቀርቷል። የአርቡን ጥሪ ሰምተውታል፤ የመስመርሽ ጥራት ድንቅ ነው፣ አንዲት ቃል አልጠፋችም ይላል።

እህትህ ሀዊ